የተዝካር እንጨት

አባቴ የሞተ ሰሞን ሰው ሁሉ የእኔን ዓይን ያይ ነበር። ለቅሶ የመጡ ሴቶች አጠገቤ ተቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው ፊቴን ይመረምሩና "ይቺ ልጅ ደርቃለች" ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንባ አልነበረኝም። ሐዘንተኛው ገና ከቤት ሳይበተን ቀጠሮ አለኝ ብዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ጥቁር ካባዬን ለብሼ ችሎት ቆምኩ፣ ተከራከርኩ፣ ረታሁም። ስመለስ ወንድሜ ደጃፍ ላይ ቆሞ "እንዴት ነሽ?" አለኝ። "ደህና ነኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ለጠየቀኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው።

የማወራው ስለ አንድ ጋራና ስለ አንድ ክምር እንጨት ነው። ሁለቱም ከአባቴ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ እሱን ዘልዬ መጀመር አልቻልኩም።

ቤተሰባችን ከድሮ ጀምሮ ጎንደር ላይ በንግድ የኖረ የእስላም ቤተሰብ ነው። አያቴ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይነግድ ነበር። አባቴ ግን አራዳ ውስጥ አንድ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የጡብ ምድጃ አገኘና ፉርኖ ቤት ከፈተ። መካ ደርሶ ስለመጣ ሰው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። እኔ ሕግ ተምሬ የጥብቅና ፈቃድ ሳወጣ ከፉርኖ ቤቱ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቢሮ ሰጠኝ። ደንበኞቼ የፍቺ ጉዳያቸውን የሚነግሩኝ ትኩስ ዳቦ እየሸተታቸው ነበር። አንዳንዶቹ እንዲያውም ዳቦ ገዝተው ሲወጡ የመጡበትን ጉዳይ ይረሱታል።

ምድጃው እንጨት በላተኛ ነው። አባቴ ደግሞ ከወይራ ሌላ እንጨት አይወድም፤ የወይራ ፍም ረግቶ ይቆያል፣ ዳቦውንም አያሳርርም ይል ነበር። ወይራው በደባርቅ መንገድ በጭነት ማኪና ይመጣል። ከየት እንደሚቆረጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ፉርኖ ቤቱ ገቡ። አንድ የወይራ ቁራጭ ከዳቦው አጠገብ ባንኮኒው ላይ ዱብ አደረጉ። በክፍሌ በር በኩል ሁሉም ነገር ይታየኝ ነበር።

"ሐጂ የሚሉት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

"ይህ እንጨት የእኛ ነው። ከጓሮህ ነው ያነሣሁት።"

"የገዛሁት ነው እንጂ አልሰረቅሁም።"

"ከሌባ ነዋ የገዛኸው! ከሌባ የገዛ ምን ይባላል?"

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ነይማ፣ እኔ ልጅ ያስተማርኩት ለዚህ ነው። ከሌባ የገዛ ምን ይባላል?" አለኝ። ወጣሁና እንደ ተማርኩት ተናገርኩ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ ይቀጣል፣ ሳያውቅ የገዛ ግን አይቀጣም አልኩ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሸጋ ሕግ ነው። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አውቋል" አሉ።

አባቴ ዱቄቱ አፍንጫው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሳቀ። ከዚያ ወንበር አቀረበላቸውና ቁጭ ብለው ተነጋገሩ።

ሽማግሌው ከድብ ባሕር በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ከመንደራቸው በላይ ያለው ጋራ ራሰ በራ ሆኖ ጎርፉ ማሳቸውን ሲያጥበው ተማክረው ከከብትም ከመጥረቢያም ከለሉት። በየተራ እየጠበቁት ወይራውና ጽዱ ተመልሶ በቀለ። በገና በዓል ይደርቅ የነበረው የጋራው ሥር ምንጭም እስከ ፋሲካ መቆየት ጀመረ። ችግሩ ሌባ ነው። ይዘው ወደ ወረዳ ሲሄዱ "እናንተ ማን ናችሁ? ጋራው የእናንተ ለመሆኑ ምን ሰነድ አላችሁ?" ይባላሉ። ሌባው ከእነሱ ቀድሞ አገሩ ይገባል።

እኔም እንደ አገሩ ሰው ሽማግሌውን አያ ማለት ጀመርኩ። አያ ለስለስ ያሉ ሽማግሌ አልነበሩም፤ ነገረኛ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ያቋርጣሉ፤ ሲያቋርጧቸው ይቆጣሉ። አባቴ እንዲህ ያለ ሰው ይወድ ነበር። የዚያን ቀን ተስማምተው ተለያዩ። አባቴ ወይራ መግዛት ያቆማል፤ በምትኩ መንደርተኛው በየማሳው ዳር የሚያበቅለውን ባሕር ዛፍ ይገዛል። እኔ ደግሞ ውሉንም የመንደሩን የጋራ ማኅበር ደንብም እጽፋለሁ። ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል የምትከለክል አንቀጽ ያስገባሁት በአያ ጉትጎታ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት የአራዳ ሰው አናቱ ያረረ ዳቦ በላ። አባቴ ምድጃው አፍ ላይ ቆሞ "ይሄ እንጨት ነው ወይስ ወረቀት?" እያለ ይነጫነጭ ነበር፤ ግን ወደ ወይራው አልተመለሰም።

በኋላ በኋላ የሕግ ባለሙያ ለአየር ንብረት ለውጥ ምን ሊያደርግ እንደሚችል የሚያስተምሩ ስልጠናዎች መጡ። በሆቴል አዳራሽ ሰብስበው ስለ ምድር ሙቀት ይነግሩናል። አዳራሹ ውስጥ ብርድ ስለነበር ሁላችንም ኮታችንን ደርበን የምሳ ሰዓት እንጠብቃለን። "ከመካከላችሁ በዚህ ጉዳይ የሠራ አለ?" ሲሉ እጄን አላወጣሁም። የፉርኖ ቤት እንጨት ውል መጻፍ እዚያ ውስጥ የሚቆጠር አልመሰለኝም ነበር።

ደንቡ የጸደቀው መንደሩ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው መስክ ላይ ነው። የእነሱን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃሉና ገና ስደርስ ቆሎና ማር አቀረቡልኝ። እያንዳንዱን አንቀጽ እያነበብኩ እነሱ እየተከራከሩ ስንሄድ ቆየንና ተዝካር ላይ ስንደርስ ቆምን። ደንቡ ማንም ምንም ምክንያት ቢኖረው ከጋራው እንዳይቆርጥ ይላል። አንድ ቄስ ተነሡ።

"ሙት በምን ይሸኝ? ተዝካር ያለ እንጨት ይወጣል?"

"ተዝካር ብዙ እንጨት ይፈልጋል እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁ። መስኩ በሳቅ ሞላ። አንዲት ሴትዮ አዘኑልኝና ያስረዱኝ ጀመር። አገር ምድሩ የሚበላበት ድግስ ነው፤ ለጠላው፣ ለእንጀራው፣ ለወጡ ቀንና ሌሊት ይነድዳል፤ ተዝካሩ ያልወጣለት ሰው ነፍሱ ትጠብቃለች፤ የቀረ ቤተሰቡም አንገቱን ደፍቶ ይኖራል አሉኝ።

አያ "ከገበያ ግዙ! ከማሳችሁ ቁረጡ!" ብለው ጮኹ።

"የሌለውስ?" አላቸው የገዛ ታናሽ ወንድማቸው፤ በኋላ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆነው ሰው ነው። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ከአያ በቀር የሁሉም እጅ ወጣ። እኔም የተወሰነውን ጻፍኩ፤ ለተዝካር የሚሆን እንጨት በማኅበሩ ኮሚቴ ፈቃድ ከጋራው ሊቆረጥ ይችላል።

አያ ከጀርባዬ ቆመው ብዕሬን እያዩ "ጋራውን ለሙታን አወረሳችሁት" አሉ።

ደንቡ ተመዘገበ፣ ማኅተም አረፈበት፣ ወረዳውም ሌባውን ማሰር ጀመረ። አባቴ የሞተው በተከታዩ ክረምት ነው። ዝናቡ ሳይጀምር ከእነአያ መንደር የመጣለትን ባሕር ዛፍ ከፉርኖ ቤቱ ጀርባ ከምሮ ነበር። መከመር ለማንም አይሰጥም። ከሥሩ ድንጋይ ይደረድራል፤ አንዱን ረድፍ በቁመት አንዱን በአግድም እያደረገ ጫፍ ለጫፍ ያስተካክላል፤ ከላይ ቆርቆሮ ያለብሳል። "ይኸው፣ ክረምቱ ይምጣ" ብሎ እጁን አራገፈ። ክረምቱ መጣ፤ እሱ ታመመና ሞተ።

ወንድሜ ፉርኖ ቤቱን ተረክቦ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስገባ። ክምሩ ባለበት ቀረ። መብራት ሲጠፋ፣ መቼም ጎንደር ላይ መብራት ይጠፋል፣ ወንድሜ የድሮውን ምድጃ የሚያነድደው ከመንገድ በአህያ ጭነት በሚገዛው እንጨት ነው። እንጨቱን ተሸክሞ በክምሩ አጠገብ ያልፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሥቅብን ነበር። እኔና እሱ ግን ስለዚያ ክምር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ሥራዬን እሠራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። የሆነ ነገር ውስጤ እንደ ደነዘዘ አውቃለሁ፤ ማወቁም ቢሆን አላሳሰበኝም።

አያ ቢሮዬ የመጡት እንዲህ ባለሁበት ጊዜ ነው። ሳይቀመጡ "ሙታን ተነሡ" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንቡ ስለ ተዝካር እንጂ መቼ ስለ ሞተ ሰው አይልም። መጀመሪያ የአንድ አሮጊት ተዝካር ወጣ፤ ደግ። ቀጥሎ አንዱ በደርግ ጊዜ በጦርነት ለቀረው አባቱ አመለከተ። ሌላው በረሃብ ዘመን ለሞተች እናቱ፣ ሌላው ለአያቱ፣ አንዱ ደግሞ መልኩን ለማያውቀው ለአያቱ አባት። ማንም አልዋሸም። በየቤቱ በድህነት ምክንያት ተዝካሩ ሳይወጣለት የቀረ ሙት ነበረ፤ እንጨቱ ሲገኝ ጊዜ ሁሉም የዘመዱን ዕዳ ልክፈል አለ። ኮሚቴው በሙት ፊት እንዴት ብሎ አይሆንም ይበል? ጋራው ከላይ ወደ ታች እየሳሳ መጣ። በዚያ ዓመት ምንጩ ገና የካቲት ላይ ክር ሆነ። ሴቶቹ ጄሪካን ደርድረው ውኃው እስኪጠራቀም ቁጭ ብለው ይውላሉ አሉኝ።

አብሬያቸው ወጣሁና ስብሰባ ተጠራ። ፈቃዱ ደንቡ ከወጣ በኋላ ለሞተ ሰው ብቻ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ "ጎረቤቴ ለአባቱ አወጣ። የእኔ ተራ ሲደርስ በሩ ይዘጋ?" አለ። እጅ ሲቆጠር ሐሳቡ ወደቀ።

አያ ተከትለውኝ ጎንደር ወረዱ። "ክሰሺልኝ" አሉ።

"ማንን?"

"ኮሚቴውን ነዋ።"

እንደሚቻል ነገርኳቸው። ሕጉ አካባቢ ሲጎዳ ማንም ሰው፣ እኔን ነካኝ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት መክሰስ ይችላል ይላል። የመጀመሪያው ተከሳሽ ሊቀ መንበሩ ወንድምዎ ይሆናሉ፣ መጥሪያው በስማቸው ይወጣል አልኩ። እንደ ራዲዮ ዜና ነው ያነበብኩላቸው። ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ቀዘቀዝሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ደህና አይደለሽም" አሉና በመስኮቱ ወደ ጓሮ ተመለከቱ። "ያ የሐጂ ክምር አይደለም?"

"ነው።"

"ምነው እስካሁን ሳይነድድ?"

ወደ መዝገቤ ዞርኩ። ከመስኮቱ መለስ ብለው "ወንድሜን አልከስም። ግን ስሚኝ። እኔ ስሞት ከጋራው አንዲት ጭራሮ እንዳትነካ። የተዝካሬን እንጨት ከሐጂ እገዛለሁ" አሉ።

"ሐጂ ሞቷል እኮ፣ አያ።"

"አውቃለሁ። እኔም ሞቼ ነው የምገዛው።"

ተሥቆ የሚታለፍ ነገር መሰለኝ። እሳቸው ግን አልሣቁም፤ ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። "ኢና ሊላህ" አልኩና መዝገቤን ማገላበጥ ቀጠልኩ። አርባቸው ሊደርስ ሲል ትልቁ ልጃቸው ራሱን ተላጭቶ መጣ። ኮሚቴው ማንም ሳያመለክት የእንጨቱን ፈቃድ ሰጥቷል። የጋራው አባት እሳቸው ናቸውና ተዝካራቸው በጋራው ትልልቅ ወይራ ይውጣ ብለው ለክብራቸው ወስነዋል። መጥረቢያ ተስሏል።

"አባቴ ግን ከሐጂ ግዙ ብሎ ነው የሞተ። ወንድሙ ደግሞ አባትክን በሰው አገር እንጨት አናዋርደውም ይለኛል። የቱን ልስማ?" አለኝ።

ወንድሜን ጠርቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አያ ያሉትን ነገርኩት። ወደ ጓሮ ዞረና ቆርቆሮውን በራሱ እጅ ያነሣ ጀመር። ልጁ ከኪሱ ብር ሲያወጣ "አስገባው። በአባባና በአባትህ መካከል ያለቀ ነገር ነው" አለው።

አይሱዙ ተከራይተን ስንጭን ወንድሜ አንድ ግንድ ትከሻው ላይ እንደያዘ ቆም አለ። "በሐጂ እንጨት ጠላ ሊጠመቅ ነው እኮ። አባባ ይቆጣ ይሆን?"

"እሱ የሸጠው እንጨት ነው፤ ጠላ አልሸጠም" አልኩት። ሁለታችንም ሣቅን። አባቴ ከሞተ ወዲህ አብረን ስንሥቅ የመጀመሪያችን ነው።

በዚያ መንገድ እንጨት ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ከፊታችን የሚመጡ ሾፌሮች ጭነታችንን እያዩ ጥሩምባ ይነፉብናል። አንዱማ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ጎንደር በዚያ ነው! ተሳስታችኋል!" ብሎ ጮኸብን። ሾፌራችን በጣም አፈረ፤ ሌላ ጊዜ ገደል ጫን ብትሉኝ ይሻለኛል እያለ ሲያጉረመርም ደረስን።

መንደሩ ስንገባ ወንዶቹ መጥረቢያቸውን ይዘው ወደ ጋራው ሊወጡ ተሰብስበው ነበር። ሊቀ መንበሩ ከፊት ነው። አይሱዙው ቆመ፤ ልጁና ወንድሜ ማውረድ ጀመሩ። ማንም አላገዘም። ባሕር ዛፉ የዚያው መንደር ማሳ ያበቀለው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ሽጠውት ሄዶ ነው የተመለሰው። ሊቀ መንበሩ ወደ እንጨቱ ጠጋ ብሎ አንዱን በእግሩ ነካ አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድሜ ነው ያለሽ? በአፉ?"

"በአፋቸው። ቢሮዬ ቆመው።"

"ሊያሳፍረን ነው።"

"እርስዎን ክሰሺልኝ ብለውኝም ነበር። በኋላ ወንድሜን አልከስም ብለው ተዉት።"

ይህንን አላወቀም ነበር። መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጋቢውን አፉ ላይ ሳበ። ቆይቶ ጎንበስ አለና አንድ ግንድ አነሣ። ከዚያ ሌሎቹም አነሡ።

የተዝካሩን ዕለት ቆሎና ማሬን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። ቄሶቹ ፍትሐት አደረሱ፣ አገሩ በላ ጠጣ። እሳቱ ሲነድድ የጢሱ ሽታ የእኛ ፉርኖ ቤት ሽታ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዓይኔ መቅላቱን አይተው "ጢሱ ነው?" አሉኝ። "ጢሱ ነው" አልኳቸው።

ያቺ አንቀጽ አልተሰረዘችም፤ አሁንም ደንቡ ውስጥ አለች። ግን ከአያ ተዝካር በኋላ በእሷ የተጠቀመ ሰው የለም። የጋራው አባት በተገዛ እንጨት ከተሸኘ እኔ ማን ነኝ ብሎ ይመስለኛል ሰው ሁሉ ያፈረው። አንድ ሰው ለአጎቱ ሊያመለክት ኮሚቴው ደጅ ድረስ ሄዶ፣ ሰላምታ ብቻ ሰጥቶ ተመለሰ ብለው ነግረውኛል። ምንጩም ቀስ በቀስ ተመልሷል። በስልጠናው አዳራሽ ዛሬ ቢጠይቁኝ እጄን አወጣ ይሆናል። ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም።

ከተዝካሩ የተመለስን ዕለት አመሻሽ ላይ ወደ ጓሮ ዞርኩ። ክምሩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ሣሩ ፀሐይ ሳያይ ከርሞ ነጥቷል። አባቴ ከሥር የደረደራቸው ድንጋዮች እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ አንዱም አልተዛነፈም። ወንድሜ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ቦታውን ምን እናድርገው?" አለኝ።

"አባባ ሞተ" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ ተቀመጠና እጄን ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"አዎ" አለኝ። "ሞተ።"

ያን ጊዜ አለቀስኩ።